ኩባያ ወደ ግራም፦ ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም

ጥያቄው፦ «የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። ቤቴ ውስጥ ኬክና ዳቦ እየጋገርኩ በትእዛዝ መሸጥ ጀምሬያለሁ። የምከተላቸው አሠራሮች በሙሉ በኩባያ የተጻፉ ናቸው፤ እኔ ያለኝ ግን የግራም ሚዛን ነው። አንድ ኩባያ 250 ግራም ነው ሲባል ሰምቼ ሁሉንም በዚያ ቀየርኩት። 3 ኩባያ ዱቄት 750 ግራም፣ 1 ኩባያ ስኳር 250 ግራም፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት 125 ግራም። ኬኩ እንደ ጡብ ደረቀብኝ። ደገምኩት፣ ያው ነው። እናቴ ሚዛን ነክታ አታውቅም፤ በጣሳ ሰፍራ የምትጋግረው ድፎ ግን አንድ ቀን አልተበላሸባትም። አሁን ደግሞ ለሠርግ ጠጅ እንድጥል ታዝዣለሁ። 10 ኪሎ ማር አለኝ፣ እናቴ አንድ ለሦስት ነው ትላለች፣ ታዲያ ውሃው 30 ሊትር ነው? እባክዎ ትክክለኛውን መቀየሪያ ቁጥር ይንገሩኝ።»

የጠየቅሽው አንድ ቁጥር ነው፣ እንደዚያ ያለ ቁጥር ግን የለም። ችግሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ስለሆነ ከዚሁ እንጀምር። ኩባያ የሚለካው ስፍራን ነው፣ ግራም የሚለካው ክብደትን። አንድ ኩባያ ማርና አንድ ኩባያ ዱቄት እኩል ስፍራ ይይዛሉ። አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ እጅሽ ብትይዣቸው ግን ማሩ እጅሽን ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ክብደቱ ከዱቄቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ይበልጣል። ስለዚህ «አንድ ኩባያ ስንት ግራም ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ «የምን ኩባያ?» የሚል ነው።

250 የሚለው ቁጥር የመጣው ከውሃ ነው። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል። 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ በውሃ ሲሞላ 250 ግራም ይሆናል ማለት ነው። ወተትም ከዚያ ብዙ አይርቅም፣ ከውሃ በጥቂቱ ይከብዳል። ቁጥሩ ለውሃና ለወተት ይሠራል። አንድ ሰው ይህን ሰምቶ ለዱቄት ሲያውለው ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ያንቺን ኬክ እንየው። 3 ኩባያ የስንዴ ዱቄት ከ360 እስከ 375 ግራም ነው። አንቺ 750 ከተትሽ፣ ልክ እጥፍ። ስኳሩ 200 መሆን ሲገባው 250 ሆነ፣ ዘይቱ 110 ሲገባው 125። እነዚህ ሁለቱ ያን ያህል አይጎዱም። እንቁላሉ ግን በቁጥር ስለሚገባ ባለበት ቀረ፣ ወተቱም ቢሆን በ250 ስትለኪው ትክክል ነው የሆነልሽ። ዱቄቱ እጥፍ ሆኖ የሚያርሰው ፈሳሽ እንዳለ ቀረ ማለት ነው። ከእንደዚህ ያለ ሊጥ ለስላሳ ኬክ አይወጣም። እጅሽም ምድጃሽም ጥፋት የለባቸውም፤ ደግመሽ ስትሠሪውም ያው የሆነው ቁጥሩ ያው ስለሆነ ነው።

ኩባያው ራሱም አንድ ዓይነት አይደለም። አሜሪካኖች ኩባያ ሲሉ 240 ሚሊ ሊትር ያህል ማለታቸው ነው። አውስትራሊያ 250 ነው። ጃፓን ደግሞ 200። የሾርባ ማንኪያ በብዙ አገር 15 ሚሊ ሊትር ሲሆን በአውስትራሊያ 20 ነው። «አውንስ» የሚል ካጋጠመሽ ሁለት ዓይነት መሆኑን እወቂ፤ የክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው፣ የፈሳሹ ደግሞ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ። እኛ ቤት ኩባያ የምንለው ደግሞ እጃችን ላይ የመጣው ነው፤ የሻይ ብርጭቆውም፣ ጆሮ ያለው የቆርቆሮ ኩባያም፣ የወተት መጠጫውም። ስለዚህ አንድ አሠራር በኩባያ ተጽፎ ስታገኚ መጀመሪያ ጸሐፊው የየት አገር ሰው እንደሆነ እዪ። ካልታወቀ 240 ብለሽ ያዢው። ብዙውን ጊዜ ልክ ነው፣ ቢሳሳትም ኬክ አያበላሽም።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ዱቄት ነውና እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ሥልጠና ስሰጥ በመጀመሪያው ቀን የማሠራው ይህንኑ ነው። አንድ ኩባያ፣ አንድ ከረጢት ዱቄት፣ አንድ ሚዛን አቀርብና ሁሉም ተራ በተራ ይሰፍራሉ። አንዷ ኩባያውን ከረጢቱ ውስጥ ሰክታ ዝቃ ታወጣና ከከረጢቱ ጎን ጋር ጫን አድርጋ ታስተካክለዋለች። ሚዛኑ 150 አልፎ ይሄዳል። ሌላው በማንኪያ ከላይ እየነሰነሰ ይሞላና በቢላ ጀርባ አፉን ይጠርጋል፤ 120 ላይ ይቆማል። ሦስተኛዋ መጀመሪያ ነፍታ ትሞላዋለች፣ 110 አካባቢ ይመጣል። ከዚያ ያንን የተነፋውን ኩባያ አንስቼ ጠረጴዛው ላይ ሦስት አራት ጊዜ መታ መታ አደርገዋለሁ። ዱቄቱ ዓይናችን እያየ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከላይ ጣት የሚያስገባ ክፍት ቦታ ይፈጠራል። የፈሰሰ የለም፣ የተጨመረ የለም። የወጣው በዱቄቱ መካከል ተይዞ የነበረው አየር ነው። ኩባያው የሰፈረው ዱቄትና አየር ነበር፣ ሚዛኑ የመዘነው ግን ዱቄቱን ብቻ።

ወፍጮ ቤት የምትመላለስ ሴት ይህን ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች። አንድ ቁና ጤፍ ይዛ ትሄዳለች፣ ስትመለስ ዱቄቱ ከቁናው ይተርፋል። በክብደት የጨመረ ነገር የለም፤ እንዲያውም በብናኝ ትንሽ ይጎድላል። ጤፍ እህሉ ደቃቅና ድቡልቡል ስለሆነ ተጠጋግቶ ይቀመጣል፣ 1 ሊትር የሚይዝ ዕቃ 800 ግራም ያህል ይገባበታል። ሲፈጭ ግን ቅንጣቱ ይሰባበራል፣ በመካከሉ አየር ይገባል፣ ይነፋፋል። ገና ከወፍጮ የወጣ ትኩስ ዱቄትና ሳምንት በማዳበሪያ ተጭኖ የሰነበተ ዱቄትም አንድ ዓይነት አይሰፈሩም። ትናንት ለሊጥ የበቃሽ ጣሳ ዛሬ ሲበዛብሽ ዱቄቱ ተለወጠ ትያለሽ፤ የተለወጠው አቀማመጡ ነው።

አሠራር ስታነቢ የቃሉን አቀማመጥም አስተውይ። «አንድ ኩባያ የተነፋ ዱቄት» ማለት ነፍተሽ ስፈሪ ነው። «አንድ ኩባያ ዱቄት፣ ተነፍቶ» ማለት ደግሞ ሰፍረሽ ንፊ ነው። በሁለቱ መካከል ለእያንዳንዱ ኩባያ 10 ወይም 15 ግራም ልዩነት አለ። ለዳቦ ብዙም አያሳስብም፣ ለኬክ ግን ያሳስባል።

እናትሽ በጣሳ የማይበላሽባት ለምንድን ነው? ትክክል ስለሆነች ነው። ይህን ደግሜ ልበለው፣ ምክንያቱም ሚዛን የገዙ ሰዎች የእናቶቻቸውን ጣሳ መናቅ ሲጀምሩ አያለሁ። እሷ ዱቄቱንም ውሃውንም የምትሰፍረው በአንድ ጣሳ ነው። ጣሳው ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚይዝ ማወቅ አያስፈልጋትም፣ ምክንያቱም የምትጠብቀው መጠኑን ሳይሆን ምጥጥኑን ነው፤ ይህን ያህል ጣሳ ዱቄት ለዚህን ያህል ጣሳ ውሃ። ሁልጊዜ ከአንድ ወፍጮ፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ አሰፋፈር። የጣሳው አፍ ላይ ጢም ታደርገው ወይም ትከምረው እንደሆነ ዓመቱን ሙሉ አትለውጥም። ከዚያ በላይ ደግሞ የመጨረሻዋን ውሃ በጣሳ አትጨምርም፣ ሊጡን በእጇ እያየች ነው። ዱቄቱ በዛም አነሰም እጇ ያርመዋል። አንቺ ግማሹን ከኩባያ ግማሹን ከግራም አምጥተሽ ደባለቅሽ፣ ለዚያውም ለኬክ። ኬክ ደግሞ በእጅ አይታረምም፤ ምድጃ ከገባ በኋላ የምታደርጊው ነገር የለም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። መጀመሪያ የራስሽ ኩባያ ስንት እንደሚይዝ እወቂ። ባዶውን ሚዛኑ ላይ አስቀምጪ፣ ወደ ዜሮ መልሺው፣ ውሃ እስከ አፉ ሙይ። የሚያሳይሽ ግራም የኩባያሽ ሚሊ ሊትር ነው። ከዚያ ያንን ቁጥር ለምትሰፍሪው ነገር በሚሆነው ቁጥር ታባዥዋለሽ። የስንዴ ዱቄት፣ በማንኪያ ተነስንሶ አፉ የተጠረገ ከሆነ፣ በ0.5 ይባዛል። ስኳር በ0.85። ዘይት በ0.92። የቀለጠ ቅቤ በ0.9። የጤፍ እህል፣ ምስርና ያልበሰለ ሩዝ ሁሉም 0.8 አካባቢ ናቸው። ደቃቅ ጨው 1.2። የተጣራ ማር 1.4። የጤፍ ዱቄት እንደ አፈጫጨቱና እንደ አሰፋፈሩ ከ0.55 እስከ 0.7 ድረስ ስለሚዋልል ከኔ ቁጥር አትውሰጂ፣ ራስሽ መዝነሽ ያዢ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ የዳጉሳ ዱቄትም እንደዚሁ ናቸው። ከግራም ወደ ኩባያ ስትመልሺ ደግሞ ታካፍያለሽ፤ 500 ግራም ስኳር ለ0.85 ሲካፈል 590 ሚሊ ሊትር ያህል ይመጣል፣ ይህም በ240ው ኩባያ ወደ ሁለት ኩባያ ተኩል ነው።

እነዚህ ቁጥሮች መነሻ ናቸው። ለማር፣ ለዘይትና ለወተት ልትተማመኚባቸው ትችያለሽ፣ ፈሳሽ አይጠቀጠቅም፣ አይነፋፋም። ለስኳርና ለጨውም ጥሩ ናቸው፣ ጨው ግን ደቃቅ ሲሆን ብቻ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው 6 ግራም ገደማ ይመዝናል። ያንኑ ማንኪያ በወቀጥሽው ሻካራ ጨው ብትሞይው ክብደቱ በደንብ ይቀንሳል፣ በቅንጣቶቹ መካከል ባዶ ቦታ ስላለ። ወጥ አንድ ቀን ጨው በዝቶበት አንድ ቀን አልጫ የሚሆንባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ጨው ቀይረው ማንኪያውን ሳይቀይሩ የቀሩ ናቸው።

ወደ ጠጁ እንምጣ። የተጣራ ማር 1 ሊትሩ 1.4 ኪሎ ያህል ነው። ስለዚህ ያለሽ 10 ኪሎ ማር 10 ሊትር አይሆንም፣ 7 ሊትር ከጥቂት ነው። እናትሽ «አንድ ለሦስት» ስትል በአንድ ዕቃ የተሰፈረ ማር ለሦስት ዕቃ ውሃ ማለቷ ነው፣ በሚዛን ጥላ ስለማታውቅ ሌላ ሊሆን አይችልም። 7.1 ሊትር በሦስት ሲባዛ 21 ሊትር ከትንሽ ይሆናል። 30 ሊትር ብትጨምሪበት 8 ሊትር ተኩል ያህል ትርፍ ውሃ ከተትሽበት ማለት ነው። ያ ጠጅ ይቀጥናል፣ ጣፋጭነቱም ቶሎ ያልቃል፣ የሠርጉ ቀን ብርሌው ላይ ቀለሙ ራሱ ይናገራል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። 1.4 የሚሠራው ሰፈፉ ለተለየ ንጹሕ ማር ነው። ከቀፎ እንደወጣ የተገዛ ማር ከሆነ ከ10 ኪሎው ውስጥ ሰምም፣ ዕጭም፣ ሌላም ነገር አለበት። ሰም ከውሃ ይቀልላል፣ ወደ ጠጅም አይለወጥም። ስለዚህ ውሃውን በሙሉ በአንድ ጊዜ አትጨምሪ። በ18 ሊትር በጥብጪው። ሰፈፉ ወደ ላይ ሲወጣ ግፈፊው፣ በደንብ አጠንፍፊና መዝኚው። ያንን ከ10 ኪሎው ቀንሺ፣ የቀረውን ለ1.4 አካፍይ፣ በሦስት አባዢ፣ ከ18 ሊትር የሚበልጠውን ያኔ ጨምሪ። ለምሳሌ ሰፈፉ 1 ኪሎ ከመጣ የቀረው 9 ኪሎ ማር ነው፤ 6.4 ሊትር ያህል ይሆናል፤ የሚፈልገው ውሃ 19 ሊትር ከትንሽ ነው፣ ስለዚህ ከ1 ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ትጨምሪበታለሽ። የታጠበ ሰፈፍ ውሃ ስለሚይዝ ሒሳቡ ወለል ያለ አይሆንም፣ ግን ከጭፍን 30 ሊትር እጅግ ይሻላል። ጌሾውን በስፍር ለመለካት አትሞክሪ። እንጨቱና ቅጠሉ በዕቃ ውስጥ እንዴት እንደተጋደመ ስፍሩን ይወስነዋል፤ በሚዛን ያዢው።

ማር በስፋት የሚወጣበት አገር ስለሆንን ይህንንም ልጨምር። ማርን በሊትር ዕቃ ሞልተሽ በኪሎ ዋጋ እንዳትሸጪ። በሸጥሽ ቁጥር 400 ግራም ያህል በነጻ ትሰጫለሽ። 5 ሊትር ጀሪካን 7 ኪሎ ማር ይይዛል፣ 20 ሊትሩ ደግሞ 28 ኪሎ። ስትገዢም ተመሳሳይ ነው፤ ሻጩ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ነው ብሎ ሚዛኑ 24 ካሳየ ጀሪካኑ ሙሉ አይደለም፣ ወይም ውስጡ ያለው የተጣራ ማር ብቻ አይደለም። ዘይት የዚህ ተቃራኒ ነው። 5 ሊትር ዘይት 5 ኪሎ አይደለም፣ 4.6 ኪሎ ነው። አሠራሩ ዘይትን በግራም ከጻፈና አንቺ በሚሊ ሊትር ከሰፈርሽ ትንሽ ይጎድልሻል። ለጥቂት ዳቦ ከቁም ነገር አይገባም፣ ለትልቅ ትእዛዝ ግን ይታያል።

ቅቤ ሌላ ጣጣ አለው። አሠራሩ «ቅቤ» ሲል ጥሬውን ነው ወይስ የተነጠረውን? ጥሬ ቅቤ ውስጥ ውሃ አለ፣ የገበያ ለጋ ቅቤ ከሆነ አጓትም ጭምር። ስታነጥሪው ያ ሁሉ ይወጣል። 1 ኪሎ ጥሬ ቅቤ አንጥረሽ ከ800 ግራም ብዙም የማይበልጥ ብታገኚ አትደንግጪ። ስለዚህ «200 ግራም ጥሬ ቅቤ» የሚል አሠራር ላይ 200 ግራም ንጥር ቅቤ ካስገባሽ ስቡ ይበዛል፣ ውሃው ይጎድላል። 165 ግራም ያህል ንጥር አስገቢና የቀረውን በወተት ወይም በውሃ ሙይው። ቅመም የገባበት ንጥር ቅቤ ደግሞ ለኬክ አይሆንም፣ ያንን ለወጥ ተዪው።

እንቁላልም መለኪያ ነው፣ ሰው ግን አያስበውም። የውጭ አሠራር «3 እንቁላል» ሲል ትልቁን የፈረንጅ እንቁላል ነው፤ ያለ ቅርፊቱ አንዱ 50 ግራም ገደማ ነው። የሀበሻ ዶሮ እንቁላል ከነቅርፊቱ እንኳን 40 ግራም አካባቢ ነው። ሦስት የሀበሻ እንቁላል ከሰበርሽ 150 ግራም ቀርቶ ከ110 ብዙም አይበልጥም። አራት ስበሪና መዝኚው፤ ከጎደለ አምስተኛውን ሰብረሽ፣ መትተሽ፣ የሚጎድለውን ያህል ብቻ ጨምሪ። የዱቄቱን ስሕተት ካረምሽ በኋላም ኬክሽ ደረቅ ካለብሽ እዚህ ፈልጊ።

ሚዛን የማይችለው ነገርም አለ። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ብዙውን ጊዜ በ1 ግራም ነው የሚቆጥረው፣ ከ5 ግራም በታች ስትወርጂ አትተማመኚበት። ቀስ ብለሽ ስትነሰንሺበት ደግሞ ጨርሶ ላያይ ይችላል። እርሾ፣ ቤኪንግ ፓውደር፣ ጨው፣ ኮረሪማ የመሳሰለውን ጥቂት ነገር በማንኪያ ለኪ፣ ጥርግ አድርገሽ። አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ 3 ግራም ያህል ነው፣ ቤኪንግ ፓውደር ከ4 እስከ 5። የቤት ማንኪያ ግን እንደ ኩባያው መጠኑ ይለያያል። ከመድኃኒት ቤት የ5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያለ መርፌው ግዢ፣ ውሃ ስበሽ ማንኪያሽ ላይ ልቀቂው። ቢፈስ ማንኪያው ያንሳል፣ ባይሞላ ይበልጣል። ልክ የሆነውን ማንኪያ አንዴ ካገኘሽ ምልክት አድርጊበትና ለሌላ ሥራ አታውጪው። ሌላም ዘዴ አለ፦ የዕቃውን አሥር ማንኪያ ሰፍረሽ አንድ ላይ መዝኚና ለአሥር አካፍይ። ሚዛኑ 3 ግራምን ባያውቅ 30 ግራምን ያውቃል።

ሚዛንሽን ራሱንም ፈትኚው። ያልተከፈተ የግማሽ ሊትር የታሸገ ውሃ ውሰጂ፣ ዕቃ አስቀምጠሽ ዜሮ አድርጊ፣ ውሃውን ሙሉውን ገልብጪ። 500 አካባቢ ማሳየት አለበት። 5 ወይም 10 ግራም ቢዛነፍ ከጠርሙሱ ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ጠርሙስ ድገሚ። 450 ወይም 550 ካለሽ ግን ባትሪ ቀይሪ፣ ካልተስተካከለ ሚዛኑን ቀይሪ። ጠፍጣፋና ጠንካራ ቦታ ላይ አስቀምጪው። የፕላስቲክ ጠረጴዛ ጨርቅ ላይ፣ ማዳበሪያ ላይ፣ ከርፈፍ ያለ መደብ ላይ ተቀምጦ ልክ አይናገርም።

ከዚህ በኋላ የሚቀሩት ልኬት የማይፈታቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ እርጥበት ነው። በክረምት ዱቄት ከአየሩ ውሃ ይስባል፤ ሚዛኑ 500 ግራም ሲልሽ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ውሃ እንደሆነ አይነግርሽም። ሐምሌ ላይ ለዳቦ ሊጥ ውሃውን በሙሉ አንዴ አትጨምሪ፣ ጥቂት አስቀሪና እያየሽ ጨምሪ። ሁለተኛው ከፍታ ነው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል ከ1800 ሜትር በላይ ናት፣ ደብረ ማርቆስ ከ2400 በላይ። አሠራሮቹ የተጻፉት ብዙውን ጊዜ ለዝቅተኛ አገር ነው። እኛ ጋ አየሩ ስለሚሳሳ ኬክ ቶሎ ይነሳና ሳይጠና ይወድቃል። ግራሙን በትክክል ቀይረሽ ኬኩ መሐሉ ከሰመጠ መቀየሩን አትጠርጥሪ፤ ቤኪንግ ፓውደሩን ሩብ ያህል ቀንሺ፣ ፈሳሹን በአንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨምሪ።

ምክሬ ይህ ነው። ሚዛን ካለሽ ኩባያን ተዪው። ዱቄት፣ ስኳር፣ ቅቤ፣ ማር፣ ዘይት፣ እንቁላል፣ ወተትም ሳይቀር ሁሉንም በግራም ሥሪ። ሳህን ሚዛን ላይ አስቀምጠሽ አንዱን ከጨመርሽ በኋላ ዜሮ እያደረግሽ ሌላውን ጨምሪ፣ የሚታጠብ ዕቃም ይቀንስልሻል። አዲስ አሠራር በኩባያ ስታገኚ አንዴ ብቻ በኩባያ ስፈሪው፣ በማንኪያ ነስንሰሽ አፉን ጠርገሽ፣ እየመዘንሽ በደብተር ጻፊ። ከዚያ በኋላ የምትሠሪው ከደብተሩ ነው። የኬክሽን ገጽ አሁኑኑ አስተካክይው፦ ዱቄት 375፣ ስኳር 200፣ ዘይት 110፣ እንቁላል 150 ያለ ቅርፊቱ፣ አሠራሩ ሦስት ካለ።

የእናትሽን ድፎ ግን እንዲህ አድርገሽ ጻፊው። ጣሳዋን አትቀይሪባት፣ አሰፋፈሯንም አታርሚ። እያንዳንዱን ጣሳ ዱቄት ቡሃቃው ውስጥ ከመገልበጧ በፊት ተቀብለሽ መዝኚና መልሽላት። ሦስት የተለያየ ቀን አድርጊውና መካከለኛውን ያዢ። ውሃውን በጆግ ሞልተሽ አቅርቢላት፣ ጆጉን ስትጀምር አንዴ፣ ሊጡን ከድና ስትነሳ ደግሞ አንዴ መዝኚው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እናትሽ በጣሳ ሰፍራም በእጇ እያየችም የጨመረችው ውሃ በሙሉ ነው።